ሽሪምፕ ያሳበጠኝ ሰው የባሕር አረም ብበላስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ቤሩት ስሠራ ሽሪምፕ በልቼ ከንፈሬ አበጠ፣ ጉሮሮዬም ጠበበኝ። ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ክኒን ውጬ ተኛሁና ለቀቀኝ። አሁን እህቴ ስፒሩሊና የሚባል፣ ውሃ ላይ ከሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር የተሠራ ዱቄትና የደረቀ የባሕር አረም ልካልኛለች። ጎረቤቴ «የባሕር ነገር ሁሉ አዮዲን አለው፤ አለርጂሽ እሱ ነው» ስላለችኝ አዮዲን ያለውን ጨው እንኳ ትቻለሁ። ዘንድሮ ልጅ ለመውለድም አስበናል። ብበላው ይገድለኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አይስጉ። አለርጂዎ ከባሕር የሚወጣውን ሁሉ አይመለከትም። ሰውነትዎ የተቆጣው በሽሪምፕ ሥጋ ውስጥ ባለ ፕሮቲን ነው፤ ሸርጣንም ያው ፕሮቲን ስላለው አይንኩት። የባሕር አረም ግን እንስሳ ስላልሆነ ይህ ፕሮቲን የለውም። ስፒሩሊናማ ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅም ይበቅላል። የጣናን ቆሮሶ ዓሣ በልተው ምንም ካልሆኑም አይተዉት።

የሚያሰጋው ከአረሙ ጋር ተጣብቀው የሚወጡ ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ የደረቀውን አረም ሐኪም ሳያይዎ አይቅመሱ። ስፒሩሊናውን እሽጉ ላይ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን አለመጠቀሱን አይተው፣ ቀን ላይ፣ ሰው አጠገብዎ ሆኖ፣ በትንሹ ይሞክሩ። ከጣና ዳር አረንጓዴ ሽፋን ቀድቶ ማድረቅ ግን የለም፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ጨውዎ ነው። የሽሪምፕ አለርጂ የአዮዲን አለርጂ አይደለም። በፍጹም! አዮዲን ሰውነት ያለ እሱ የማይሠራበት ማዕድን ነው። የጎጃም ደጋ አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ሳስቷል፤ በእናቶቻችን አንገት ላይ ያየነው እንቅርት ከዚያ የመጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያዘዘውም ለዚሁ ነው። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል። እናት ሲጎድላት የሚጎዳው የፅንሱ አእምሮ ነው። እርስዎ ደግሞ ለመውለድ እያሰቡ ነው! ዛሬውኑ አዮዲን ያለው ጨው ያስገዙ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩበት፤ ቀድሞ ከገባ እየተንተከተከ አዮዲኑ ይቀንሳል። እጥረቱን በባሕር አረም ልሙላ አይበሉ፤ ኬልፕ የሚባለው ዓይነት አዮዲኑ ከልክ ያለፈ ነው።

«ሴትሪዚን ውጬ ተኛሁ» ያሉትን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጉሮሮው የጠበበ ሰው እንዴት ይተኛል? ሴትሪዚን ማሳከክ ያስታግሣል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ለዚያ የሚደርሰው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ያኔ የተረፉት ዕድል ሆኖ ነው። ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ራስዎን ካዞረዎ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ባለቤትዎን ቀስቅሰው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። «እስኪነጋ ልየው» የሚባል ነገር የለም።

እስከዚያው፣ ከማርገዝዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው አንገትዎን ያስመርምሩ። የሽሪምፑንም ታሪክ ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።