ባሌ ሥራውን ከተወ ወዲህ ቤቱ ጠበበኝ

ከአንዲት አንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

"ሰላም ለእናንተ። 44 ዓመቴ ነው፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ባለቤቴ አቃቂ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በግዥ ክፍል 24 ዓመት ሠርቷል። ሰፈሩ ገና እርሻ እያለ መሬት ይዘን ቀስ በቀስ ሠራን። አሁን በግቢያችን 8 ክፍል እናከራያለን፣ ከቢሾፍቱ ጤፍ የሚያመላልስ አንድ አይሱዙም አለን። ተመስገን ነው፣ ለኑሯችን ይበቃል። ባለቤቴ 50 እንኳ ሳይሞላው 'ከእንግዲህ ለማንም አልቀጠርም' ብሎ ከስድስት ወር በፊት ሥራውን ለቀቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥሩ ነበሩ። አሁን ግን ድስት ይከፍታል። 'ዘይቱ በስንት ቀን አለቀ?' ይለኛል። ተከራዮቹን መብራት አጥፉ፣ ውሃ ዝጉ እያለ ያስጨንቃቸዋል። ለዕድር ሰዎች 'ዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ' ብሏቸዋል፣ ይኸው ስድስት ወሩ። ጠዋት 12:30 ላይ የፋብሪካው ሰርቪስ በእኛ ጥግ ያልፋል። እሱም ለባብሶ በር ላይ ይቆማል። አውቶብሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይገባል። ወንድሙ 'ሥራ የተወው ገንዘብ ቢተርፈው ነው' እያለ በየሳምንቱ ይመጣል። 10ኛ ክፍል የሆነው ልጃችን ደግሞ 'አባዬ ሳይሠራ እየኖረ አይደል እንዴ?' ማለት ጀምሯል። ለእህቴ ባዋያት 'ጥጋብ ነው' አለችኝ። ወደ ሥራህ ተመለስ ልበለው? ወይስ ችግሩ እኔ ነኝ?"

እህቴ፣ ጥጋብ አይደለም።

ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከባልሽ ጠባይ ይልቅ ያሳዘነኝ አንቺ ከፋኝ ለማለት ማፈርሽ ስለሆነ ነው። ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው በሞላበት ሰፈር አከራይ ሆኖ "ኑሮ ከበደኝ" ማለት እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ከብዶሻል። ገንዘቡ መኖሩ ይህን አይሰርዘውም። እህትሽም ክፉ አስባ አይመስለኝም፣ ነገሩ አልገባትም።

ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ወደ ሥራ ተመለስ አትበዪው። ችግሩም አንቺ አይደለሽም። ረጅሙ መልስ ግን ከሰርቪሱ ይጀምራል።

24 ዓመት ሙሉ ያ ሰርቪስ ባልሽን እየጠበቀ ነበር። መቀመጫው ይታወቃል። አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ ይታወቃል። አንድ ቀን ቢቀር "ምነው፣ አሞት ነው?" የሚል ሰው ነበር። ቢሮ ሲደርስ ደግሞ ያለ እሱ ፊርማ የማይገዛ ዕቃ አለ። ደሞዙን አሁን ኪራዩና አይሱዙው ተክተውታል። ይህን ሁሉ የተካለት ግን ምንም የለም። በር ላይ ቆሞ ሲያይ የሚያየው አውቶብስ አይምሰልሽ።

አንድ የድሮ ጥናት ልንገርሽ፣ እኔ በጣም የምወደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል በምትባል መንደር ፋብሪካው ተዘጋና መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ ፈታ። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ እዚያ ሄደው የሰዉን ኑሮ ተከታተሉ። ሰው ጊዜ ሲተርፈው ብዙ ያነባል ይባል የለ? እዚያ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገመ፣ በየመንገዱ ይቆሙ ጀመር። አብዛኞቹ ሰዓት መያዝ ራሱ ትተው ነበር። ያሆዳ ኋላ ላይ እንደጻፈችው ሥራ ከደሞዝ ሌላ የሚሰጠን ነገር አለ፦ ቀኑን ይከፋፍልልናል፣ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኘናል፣ ከሌሎች ጋር ለአንድ ነገር እንድንደክም ያደርገናል፣ በሰው ዘንድ ስምና ቦታ ይሰጠናል፣ ደግሞም ብንወድም ባንወድም ከአልጋ ያስነሳናል። የማሪየንታል ሰዎች ድሆች ሆነው ነበር፣ እናንተ ደግሞ ተመስገን አልተቸገራችሁም። በዚህ አትመሳሰሉም። ግን ባልሽ እነሱ ካጡት ውስጥ ከገንዘቡ በቀር ብዙውን አጥቷል፤ ያውም በገዛ ፈቃዱ ስለሆነ "አጣሁ" ብሎ ለማልቀስ እንኳ አፉ አይታዘዝለትም።

የዚያ ጥናት ሌላ ነገር ደግሞ አንቺን ይመለከታል። መንደሩ ውስጥ ሴቶቹ ፈጥነው ነበር የሚራመዱት። ለምን? የእነሱ ሥራ አልተዘጋማ። ልጅ አለ፣ ልብስ አለ፣ ምሳ አለ።

እና ልጠይቅሽ። ባልሽ ከሥራ ወጣ፣ አንቺስ?

በደብዳቤሽ ሌላ ቦታ ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሽው አለ። ቤቱ ሲሠራ ወርቅሽን ሸጠሻል። የእቁብ ዕጣሽ ለቆርቆሮ ሄዷል። ብሎኬቱ ፀሐይ ላይ እንዳይሰነጠቅ ልጅሽን አዝለሽ በባልዲ ውሃ ታጠጪው ነበር። ስለዚህ ዛሬ ያለ ደሞዝ የሚያኖራችሁን ነገር ሁለታችሁ ናችሁ የሠራችሁት። ያረፈው ግን አንዱ ነው። ድሮ ምሳውን ካፍቴሪያ ይበላ ነበር፣ አሁን ምሳም በአንቺ ላይ ተጨምሯል። ከጠዋት እስከ ማታ ያንቺ ብቻ የነበረው ቤት ውስጥ አሁን ግዥ ክፍል ተከፍቷል፣ ዘይት ይቆጠራል፣ ሽንኩርት ይጠየቃል። ቤቱ ቢጠብብሽ ምን ይገርማል?

ዘይት ቆጠራውን ግን እንደ ንፍገት አትይው። እኔ ፍርሃት ነው የምለው። ደሞዝ የሚበላ ሰው ቢያንስ ጭማሪ ይጠብቃል፣ ባይጨመርለት ያማርራል፣ የሚያማርርበት አለቃ አለው። አከራይ ሲሆን ሌላ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጭማሪን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ አድርጎታል። ለተከራይ እፎይታ ነው፣ ደግ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የአይሱዙ ጎማና መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። 24 ዓመት ዋጋ ሲያወዳድር የኖረ ሰው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ እያሰላ ነው የሚውለው። "ቢጎድልብንስ?" ይላል ለራሱ። "ተሳስቼ ይሆን?" ይላል። ይህን ላንቺ መናገር ስለሚከብደው "ዘይቱ በስንት ቀን አለቀ?" ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ወጥ ቤቱ ውስጥ አትከራከሩበት። በወር አንድ ቀን ምረጡ፣ ኪራይ የሚገባበት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ሁለት ክፍል ለሦስት ወር ባዶ ቢሆን ወይም መኪናው ቢቆም በምን እንደምትኖሩ በወረቀት ላይ ጻፉት። የብዙ ወር ቀለብ የሚሸፍን ለብቻ የተቀመጠ ገንዘብ ከሌላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ጀምሩ። ፍርሃት ወረቀት ላይ ሲሰፍር መጠኑ ይታወቃል። ከዚያ ቀን ውጭ ግን ስለ ዘይት ጥያቄ የለም። ይህን በቀጥታ ንገሪው፦ "ቤት መዋልህ አይደለም የከፋኝ። ስትቆጣጠረኝ ነው። የሂሳቡ ቀን እንነጋገራለን፣ ድስቴን ግን ተውልኝ።" ሲናደድ ሳይሆን ደህና ውሎ ሲያመሽ ንገሪው። መጀመሪያ ቀን ሊያኮርፍ ይችላል፣ አትደንግጪ።

የቤቱም ሥራ ይከፈል። "አግዘኝ" አትበዪው፣ "አግዘኝ" ካልሽው ሥራው ያንቺ ሆኖ ይቀራል። የሆነ ነገር ሙሉ በሙሉ ስጪው። ለምሳሌ አስቤዛውን በሙሉ። ግዥ ያውቃል አይደል? ገበያ ይሂድ፣ ይከራከር፣ ሽንኩርቱ ቢበላሽ እሱ ይጠየቅ። ያን ጊዜ ዘይት በስንት ቀን እንደሚያልቅ ራሱ ያውቀዋል። አንቺም በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የራስሽ ይኑርሽ፣ ከቤት የምትወጪበት፣ የት ነበርሽ የማትባይበት። ይህን እንደ ውለታ አትለምኚው፣ ወርቅሽ ቤቱ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። ቢቻል ይህን ክፍል አብራችሁ አንብቡት።

ወንድሜ፣ የለቀቅከው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕጉ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፣ አንተ ከ10 ዓመት በላይ ቀድመህ ራስህን ነጻ አውጥተሃል፣ ያውም በላብህ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ታዲያ ዕድሩን ለምን ትዋሻለህ? "ተባረረ" እንዳይሉህ ነው፣ ገብቶኛል። እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ጠዋት ከቤት ካልወጣ ወይ ታሟል ወይ ተባሯል። ግን ስድስት ወር ሙሉ ፈቃድ ላይ ነኝ ያለ ሰው በየቀኑ እየተደበቀ ነው የሚኖረው፣ የሚያውቁት ሰዎች መሀል ቆሞ ብቻውን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ንገራቸው። "ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ በራሴ ነው የምኖረው፣ ጊዜ አለኝ" በቃ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቃቸው። ዕድር ድንኳን ይገዛል፣ ወንበር ይገዛል፣ ድስትና ሳህን ይገዛል፣ ብዙውን ጊዜም ጊዜ የሌለው ሰው ተልኮ በመጀመሪያው ሱቅ ባለው ዋጋ ነው የሚገዛው። አንተ 24 ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ኖረሃል። የዕድሩን ግዥ ያዝላቸው። ደሞዝ የለውም፤ የሚጠብቅህ ሰው ግን አለው፣ ብትቀር የሚጠይቅህም አለ። አይሱዙውንም በስልክ ብቻ አትቆጣጠረው፣ በሳምንት ሁለት ቀን አብረህ ቢሾፍቱ ውረድ፣ ከነጋዴዎቹ ጋር አውራ። ዋናው ነገር ሰዓት ያለውና ሌላ ሰው ያለበት ነገር መሆኑ ነው። ተከራዮችህን እንደ ሠራተኛ ማየትም ይቅር፣ ውላቸው የኪራይ እንጂ የቅጥር አይደለም።

የወንድሙን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ከዚያ ከወሩ ሂሳብ ላይ ለዘመድ የሚሆን አንድ መጠን ቁረጡ፣ ሲያልቅ "የዚህ ወር አልቋል" በሉ። መልሱን የሚሰጠው ደግሞ እሱ ራሱ ይሁን፣ አንቺ ከተናገርሽ "ሚስቱ ናት የከለከለችው" ይባላል።

ልጃችሁን በተመለከተ ምክር አትስጡት፣ በዚህ ዕድሜው ምክር ከጆሮው አይገባም። ስለ 24 ዓመቱ ንገሩት። መሬቱ ሲያዝ ስንት ነበር የደሞዙ ልክ፣ ስንት ዓመት አንድ ጫማ እንዳደረገ፣ ማታ ጅብ እየጮኸ ያለ መብራት እንዴት ታድሩ እንደነበር። ልጁ ያየው መጨረሻውን ብቻ ነው፣ መጀመሪያውን ማን ነገረው? ኪራይ ሲሰበሰብ ደረሰኙን እሱ ይጻፍ፣ ቧንቧ ሲበላሽ ከአባቱ ጋር ይጠግን። "ሳይሠራ" የሚለው ቃል ያኔ ከአፉ ይጠፋል።

አንድ የምጠነቀቅበት ነገር አለ። ሌሊት 11 ሰዓት እንደሚነቃም ጽፈሻል፤ ይህ ብቻውን አያሳስበኝም፣ የ24 ዓመት ልማድ በስድስት ወር አይለቅም። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምግብ ካስጠላው፣ ያስደስተው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፍ አጥቶ ጠዋት ፊቱ የጨለመ ከሆነ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ወይም "መኖሬ ምን ያደርጋል" የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ይህ በጨዋታና በአስቤዛ የሚመለስ አይደለም። ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ፣ ባለሙያ ይየው። ጸበልም ጸሎትም ካላችሁ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መሞትን ካነሳ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ ብቻውንም አትተዪው፣ በዚያው ቀን ውሰጂው።

ለጊዜው ግን ነገ ጠዋት 12:30 ላይ ነጠላሽን ደርበሽ ከጎኑ ቁሚ። ምንም አትናገሪ፣ ሰርቪሱ ይለፍ። ሲያልፍ "ከዚያ ውስጥ ማን ናፈቀህ?" በይው። የአንድ ሰው ስም ይጠራልሽ ይሆናል። ያንን ሰው ለእሁድ ቡና ጥሪው።