እምቦጭ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። አባቴ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። «ኮምፒውተርህ እምቦጭ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ «በከፊል» በለው። ሒሳቡ የቆየ ነው። ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ቨርሁልስት በ1838 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጻፈው ቀመር፣ ብዛት መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ቦታና ምግብ ሲያጥር ይቀዘቅዛል ይላል። እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በጥቂት መስመር ትጨርሰዋለህ።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። አረሙ ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ እንደፈለገ ይገፋዋል። ስለዚህ ሐይቁን በካሬ በካሬ ክፈለው። ለእያንዳንዱ ካሬ ያለውን አረም፣ ነፋሱን፣ ጥልቀቱን፣ እነ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞች ከእርሻው ጠርገው የሚያመጡትን ደለል ስጠው። ፕሮግራሙ ካሬው ለጎረቤቱ ስንት እንዳቀበለ በየቀኑ ያሰላል። ዘሩንም አስገባ፤ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። ዳርቻውን አጽድተው «አለቀ!» የሚሉት የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው።

ውጤቱን ከሳተላይት ፎቶ ጋር አስተያየው። ክረምት ላይ ግን ደመናው ይጋርድብሃል። ያኔ አባትህን ያዝ፦ መረቡ የት፣ በየትኛው ቀን በአረም እንደተያዘ እየጠየቅክ መዝግብ።