«አሁን ልግጠምላችሁ፣ መንግሥት ሲከፍላችሁ ትከፍሉኛላችሁ»

ጥያቄ፦ አትላንታ አካባቢ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን በየቅዳሜው ወደ 60 ለሚሆኑ ልጆች ፊደልና ግብረ ገብ ያስተምራል። ሕንፃው የኪራይ ነው። መንግሥት ለጥበቃ ገንዘብ እንደሚሰጥ ሰማን። የአንድ የቦርድ አባላችን ወንድም ካሜራ ይገጥማል፤ «አሁን ልግጠምላችሁ፣ መንግሥት ሲከፍላችሁ ትከፍሉኛላችሁ» አለን። እንቀበለው?

መልስ፦ አይቀበሉት። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ገንዘቡን ያሳጣችኋል።

የሰማችሁት ገንዘብ አለ። ፌማ፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች የሚሰጠው የደህንነት ግራንት (እርዳታ) ነው። በ2024 የበጀት ዓመት ለአንድ ቦታ እስከ 200,000 ዶላር ይጠየቅ ነበር። መዋጮም አይጠይቅም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ሌላ መንገድ አላቸው፤ እናንተን አይመለከትም።

ችግሩ ይህ ነው፦ ግራንቱ ከመጽደቁ በፊት የወጣ ወጪ አይተካም። ከጸደቀም በኋላ ግድግዳ ከመበሳታችሁ በፊት ፌማ የአካባቢና የቅርስ ግምገማ አድርጎ መፍቀድ አለበት። ገንዘቡ ራሱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ፣ ደረሰኝ አቅርባችሁ ነው። ስለዚህ ካዝናችሁ ለጥቂት ወራት መቻሉን ገንዘብ ያዡን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ወንድምየው መወዳደር ይችላል። ግን ከሌሎችም ፕሮፎርማ ሰብስቡ። የቦርድ አባሉ ደግሞ በምርጫው ላይ አይቀመጥ፤ ከስብሰባው መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በአገራችን ልማድ ዘመድን ማስቀደም ክፉ ነገር አይደለም፤ በፌዴራል ገንዘብ ግን የጥቅም ግጭት ይባላል፣ ገንዘብም ያስመልሳል። የካሜራውንም ዓይነት ጠይቁት። ሂክቪዥንና ዳሁዋ የተባሉት የቻይና ካሜራዎች ርካሽ ስለሆኑ ብዙ ሰው ይገጥማቸዋል፤ በአሜሪካ የ2019 የመከላከያ በጀት ሕግ ምክንያት ግን በዚህ ገንዘብ አይገዙም።

ማመልከቻው የሚገባው ለፌማ በቀጥታ ሳይሆን በጆርጂያ የአደጋ ጊዜ አስተዳደርና የአገር ውስጥ ደህንነት ኤጀንሲ በኩል ነው። ጊዜው ሲከፈት አጭር ስለሆነ የዩኢአይ ቁጥራችሁን (የፌዴራል ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት የሚለይበትን ቁጥር) ከወዲሁ አውጡ፤ ነፃ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሕግ በራሱ ከግብር ነፃ በመሆኑ ከአይአርኤስ (ከፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ) ደብዳቤ የለንም ብላችሁ አትተዉት።

ከሁሉም ክብደት ያለው ከማመልከቻው ጋር የሚገባው የተጋላጭነት ግምገማ ነው፤ ሕንፃችሁ በየት በኩል ለአደጋ ክፍት እንደሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ቀድታችሁ እንዳታስገቡ፤ እናንተ የምትጠቀሙበትን ሕንፃ የሚመለከት መሆን አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ቆማችሁ እዩ። በአንድ ደንበኛዬ ሰንበት ትምህርት ቤት የምድር ቤቱ በር አየር እንዲገባ በወንበር ተደግፎ ይውል ነበር። ከበሩ እስከ ሕፃናቱ ክፍል 11 እርምጃ ቆጠርኩ። ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም። ግምገማው ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፦ ወንበሩ፣ በሩ፣ 11 እርምጃው። የጠየቅነውም ካሜራ ብቻ ሳይሆን ከውጭ የማይከፈት በር ነበር። እናንተም የምትጠይቁት እያንዳንዱ ዕቃ በግምገማው የታየ ክፍተት የሚደፍን ይሁን። የፖሊስ ሪፖርት ወይም የማስፈራሪያ መልእክት ካለ አያይዙ፤ ያልሆነውን ግን ሆነ ብላችሁ አትፈርሙ። ለፌዴራል መንግሥት የሐሰት ቃል መስጠት ወንጀል ነው።

በሩን በወንበር መደገፍ ለማቆም ግራንት አያስፈልግም፤ በዚህ ቅዳሜ ጀምሩ። አከራያችሁም በርና ካሜራ እንድትገጥሙ የፈቀደበትን ደብዳቤ ፈርሞ እንዲሰጣችሁ አሁኑኑ ጠይቁት።