ኮሪያን በአንድ ቅዳሜ አትጨርሱት

ጥያቄ፦

እንደምን ሰነበቱ? የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው እንዳይውሉ ብዬ አንድ ነገር ጀመርኩ። በየቅዳሜው አንድ አገር እንመርጣለን፤ የአገሩን ምግብ እንሠራለን፤ አለባበሱንም ቤት ባለው ጨርቅ እንሞክራለን። ጣሊያንና ሕንድ አልፈዋል። ልጆቹ ቅዳሜን የሚጠብቁት በጉጉት ነው።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ደስ አላላቸውም። የመንዝ ሰው ናቸው። «የራሳቸውን ሳያውቁ የሰው አገር ልብስ ለብሰው ይጫወታሉ» ይላሉ። ልጄ በሕንድ ቀን ነጠላ እንደ ሳሪ ስትጠመጥም አይተው «ነጠላ መጫወቻ ሆነ?» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ባለቤቴ በእናቱና በእኔ መካከል ሆኖ ዝም ብሏል። አሁን ልጆቹ ቀጣዩ ኮሪያ ይሁን ብለዋል። የፍልሰታ ጾም ደግሞ ገብቷል፤ ልጄም ከአያቷ ጋር ትጾማለች። ልብሱን ከየት ላምጣ? የጾም ምን ልሥራ? አማቴን ሳላስቀይም መቀጠል እችላለሁ ወይስ ልተወው? በዕድሜ ታናሽዎ ነኝና አንቺ ይበሉኝ።

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ፈጽሞ እንዳትተዪው። አማትሽንም ተቃዋሚ አድርገሽ አትያቸው፤ የተናገሩት ነገር ለዚህ ሥራሽ ይጠቅምሻል። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሐዘንና ለደስታ አለባበሱ ይለያያል። ጥለቱ የት ላይ እንደዋለ አይቶ ሐዘንተኛውን የሚለይ ሰው፣ ነጠላ ዝም ብሎ ሲጠመጠም ይከፋዋል። የሕንድ ወይም የኮሪያ አያትም በራሳቸው ልብስ ሲቀለድ ቢያዩ እንዲሁ ይከፋቸዋል። ልጆችሽ ይህን ከአያታቸው አፍ ቢሰሙት የትኛውንም አገር በአክብሮት ይቀርባሉ። ስለዚህ መጪውን ቅዳሜ ለመንዝ ስጪው፤ መምህሯም አማትሽ ይሁኑ። ነጠላ አለባበሱን ያሳዩአቸው፣ ባና ካላቸው ያልብሷቸው፣ በሶም አብረው ይበጥብጡ። አንቺ ተማሪ ሆነሽ ተቀመጪ።

ከዚያ ወደ ኮሪያ ሂዱ፤ ስትሄዱ ግን ወሩን ሙሉ ቆዩ። በየሳምንቱ አገር መለዋወጡን አልወደድኩልሽም። ልጅ በአንድ ቀን የሚይዘው የሳህኑን ቀለም ብቻ ነው፤ ሰዎቹን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ኮሪያ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ቃኘው የተባለው ጦራችን የመጀመሪያው ሻለቃ ወደዚያ ዘምቷል። ከ120 በላይ ወታደሮቻችን እዚያው ወደቁ፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። ዘማቾቻችን ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት የሚያሳድግ ቤት አቋቁመዋል። ቹንቾን ከተማ ውስጥ መታሰቢያቸው ቆሟል፤ አጠገቡም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ቡና የሚሸጥበት «የኢትዮጵያ ቤት» አለ። እዚህም አፍንጮ በር አካባቢ የዘማቾቹ መታሰቢያ ስላለ ባለቤትሽ ልጆቹንና እናቱን ይዞ ይሂድ። አማትሽ የዚያን ዘመን ወሬ የሚያስታውሱ ከሆነ ደግሞ አንቺም እኔም የማናውቀውን ይነግሯቸዋል።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። የኮሪያ የቡድሂስት ገዳማት ሥጋም ዓሣም አይበሉም፤ ከአትክልት ብቻ የሚሠሩት ምግብ በአገሩ የታወቀ ነው። አንቺ በቢቢምባፕ ጀምሪ። ነጭ ሩዝ ቀቅይ። ቆስጣውን ለብ አድርገሽ ቀቅለሽ ውሃውን ጨምቂና በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት እሺው። ካሮት፣ ዝኩኒና እንጉዳይ በቀጭኑ ተከትፈው ለየብቻ ይጠበሱ። ከዚያ እንደ በየዓይነቱ በሩዙ ላይ ተራ በተራ ደርድረሽ የተቆላ ሰሊጥ ነስንሺበት። ኮሪያውያን በላዩ ላይ ጎቹጃንግ የሚባል ከበርበሬ፣ ከሩዝና ከቦካ አኩሪ አተር የተሠራ ድልህ ያደርጉበታል። ካጣሽ አዋዜ ተጠቀሚ፤ ግን ይህ የእኛ መሆኑን ለልጆቹ ንገሪያቸው። በነገራችን ላይ በርበሬ ለእነሱም ለእኛም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ይህን በካርታ ላይ አሳዪያቸው። ሁሉም በማንኪያ ተቀላቅሎ ይበላል። ማዕዱ ላይ ግን ትልቁ ሰው ሳይጀምር ማንም አይጀምርም፤ አማትሽ ይህን የኮሪያ ሥርዓት እንደሚወዱት እርግጠኛ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ኪምቺ ሥሩ። ጥቅል ጎመን በጨው ታሽቶ ጥቂት ሰዓት ይቆይና ይታጠባል፤ በተፈጨ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተለውሶ በብርጭቆ ዕቃ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ይገባበታል፤ አንቺ ተዪው። በጥቂት ቀን ይጎመዝዛል። የጠላና የእንጀራ ቡኮ የሚያውቁ እናት ቤት ስላሉ፣ መድረሱን እሳቸው በማሽተት ይንገሯችሁ።

ልብሱን ለመጨረሻ አቆዪው። ሀንቦክ በዘመን መለወጫ፣ በሠርግና በሕፃን የመጀመሪያ ልደት የሚለበስ የክብር ልብስ ነው፤ የሶል ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው እንደ ልጆችሽ ለብሶ ነው። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። መግዛት አያስፈልግሽም፤ የሴቷ ከደረት በላይ የሚታሰር ሰፊ ቀሚስና አጭር እጀ ጠባብ ነው፣ የወንዱ ሰፊ ሱሪና እጀ ጠባብ። ከአሮጌ አንሶላ ይወጣል፤ ልጅሽ መርፌ ከያዘች ራሷ ትስፋው። ነጠላ ግን አትንኩ። አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጥብቅ ሁኚ፤ ፊት መቀባት፣ ዓይን በጣት መሳብ፣ የሰውን አነጋገር እያጣመሙ መሳቅ በቤትሽ አይግባ። ትንሹ ልጅ ከሌላ ቦታ ይዞት ቢመጣ እዚያው አስቁሚው፤ ምክንያቱንም በእርጋታ አስረጂው።

ነሐሴ 16 ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ በመጨረሻው የኮሪያ ቅዳሜ የእነሱን ዘመን መለወጫ አክብሩ። ተክጉክ የሚባለው ሾርባ በከብት ሥጋ መረቅ ውስጥ በስስ የተቆረጠ የሩዝ ቂጣ የሚገባበት ነው፤ እሱን የበላ አንድ ዓመት ይጨምራል ይላሉ። በዚያ ጠዋት የኮሪያ ልጆች ሀንቦክ ለብሰው ለሽማግሌዎች መሬት ላይ ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ ሽማግሌዎቹም መርቀው ገንዘብ ይሰጣሉ። የእኛ ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ሲያመጡ የሚሆነው ይኸው ነው። አማትሽን ወንበር ላይ አስቀምጫቸውና ምርቃቱን ከእሳቸው ጠይቂ። ልጆቹ መሬት ላይ መውደቃቸው ስግደት መስሎ አማትሽን ካስጨነቃቸው ግድ የለም፤ ልጆቹ ጉልበታቸውን ይሳሙ።