ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፦ ስለ ፈተና ጭንቀት

ውድ ልጆቼ፣

የዕድሜዬን ብዙውን ክፍል ሒሳብ በማስተማርና ተማሪዎችን በመፈተን አሳልፌያለሁና ስለ ብሔራዊ ፈተና ጭንቀት ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ከተፈተኑና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ፍርሃቱ በየቤቱ በርትቷል፤ ከቤተሰብ ተለይቶ በማያውቁት ዶርም ማደሩም ለብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ነው።

የጥያቄ ወረቀት ሲታደል ልባችሁ ድው ድው ቢል፣ መዳፋችሁም ቢያልበው ያጠናችሁት ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሰውነት ከባድ ነገር ሲገጥመው አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ስለሚያመነጭ ነው። በእኔ እምነት የሚጎዳው ድንጋጤው ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው «አለቀልኝ» የሚል ሐሳብ ነው፤ ለስሌት የምትፈልጉትን ትኩረት ይሻማችኋልና። አየር በአፍንጫችሁ ሳቡና ከሳባችሁበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ጥቂት ጊዜ ስትደጋግሙት ትረጋጋላችሁ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፈተና በፊት 10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን በወረቀት ያሰፈሩ ፈሪ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ጠዋት ዶርም ውስጥ ሞክሩት፤ ወረቀቱን ግን ወደ ፈተና ክፍል ይዛችሁ አትግቡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከከበዳችሁ እለፉት፤ ስታልፉ ግን የመልስ ወረቀቱን ልብ በሉ። 7ኛውን ዘሎ የ8ኛውን መልስ በ7ኛው መስመር ላይ ያጠቆረ ተማሪ የቀጣዮቹ መልሶች ሁሉ ይዛቡበታል፤ ስህተቱን ያወቀው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከሆነ ደግሞ ላጲስ የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቱም ይቀደድበታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛልም። ስለዚህ የዘለላችሁትን ቁጥር በጥያቄ ወረቀቱ ላይ አክብቡ፤ በየአምስት ጥያቄው የሁለቱን ወረቀቶች ቁጥር አስተያዩ። ይህ ልማድ የሚሆነው ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች እቤት ሰዓት ይዛችሁ ስትሠሩ ነው። በኮምፒውተር የምትፈተኑም ማውሱንና ኪቦርዱን ቀደም ብላችሁ ተለማመዱ።

በፈተና ዋዜማ በቡናና በጫት ሌሊቱን ማንጋት ይቅርባችሁ፤ ያጠናችሁት በአእምሯችሁ የሚጸናው ስትተኙ ነው። ከአንዱ ፈተና ስትወጡም በር ላይ ቆማችሁ መልስ አታስተያዩ፤ ያለፈው አይታረምም፣ የተሳሳታችሁ መስሏችሁ የምትደነግጡት ድንጋጤ ግን ቀጣዩን ፈተና ይነካባችኋል። ምሳችሁን በልታችሁ ጥቂት አረፍ በሉ።