ደብረ ብርሃን ላይ ኢንተርሊዩኪን 6 ለምን ቀለም አልያዘም?

ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ ይህ ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ታማሚዎች ጉልበት በተወሰደ ሲኖቪየም (የመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ሁለት ሳይቶካይኖችን (የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲኖችን) በአንቲቦዲ ሲያቀልሙ ኢንተርሊዩኪን 6 ምንም ቀለም አልያዘም፤ ቲኤንኤፍ አልፋ ደግሞ ስላይዱን በሙሉ ቡናማ አደረገው። አንቲቦዲው (ፕሮቲኑን ፈልጎ የሚይዘው) ተበላሽቶ ይሆን?

አንቲቦዲውን ከመጠርጠርዎ በፊት ስላይዱ በሚሞቅበት ባፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ቴርሞሜትር ይክተቱ። መመሪያዎቹ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ደቂቃ ይላሉ። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም። (ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሠራ ሰው 95 ዲግሪ ያገኛል።) ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አስሮ አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ይደብቃል፤ እስሩን የሚፈታው ሙቀቱ ነው። ፕሬዠር ኩከር ይጠቀሙ፦ ሙሉ ግፊት ከያዘ በኋላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ባፈሩ ውስጥ እንዳለ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ሁለት ባፈሮች፣ ሲትሬት በፒኤች 6 እና ትሪስ ኢዲቲኤ በፒኤች 9፣ ጎን ለጎን ይሞከሩ። ሲኖቪየም ስብ ስላለው በዚህ ሙቀት ከስላይድ ይላቀቃል፤ ስለዚህ 4 ማይክሮን ይቁረጡት፣ ቻርጅ ያለው ስላይድ ላይ ያድርጉትና በ60 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያድርቁት።

ቡናማው ነገር የበለጠ ያሳስባል፤ የውሸት ውጤት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላልና። የታመመ ሲኖቪየም ውስጥ ደም ስለሚፈስ ሄሞሲዴሪን (ከደም የሚቀር ብረት ያለው ቡናማ ቅሪት) ይከማቻል፤ መልኩ አንቲቦዲው ያለበትን ቦታ ከሚያሳየው ከዳብ ቡናማ ቀለም ጋር ይምታታል። ምንም አንቲቦዲ ያልነካው ስላይድ ይመልከቱ። እዚያም ቡናማ ካለ በፐርልስ (የብረት ማቅለሚያ) ያቅልሙት፤ ብረት ከሆነ ሰማያዊ ይሆናል። ያኔ ዳብን ትተው ቀይ ክሮሞጅን (ቀለም ሰጪ) ይያዙ። ቀጥሎ የሕብረ ሕዋሱን የራሱን ፐርኦክሳይዴዝ ለማፈን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ መደረጉን፣ ሁለተኛው አንቲቦዲም (የመጀመሪያውን ይዞ ቀለሙን የሚያመጣው) ከሰው ኢሚዩኖግሎቡሊን ጋር እንዳይያያዝ የተጣራ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዋናው አንቲቦዲ ጋር እኩል ክምችት ያለው የአይሶታይፕ (ዓይነቱ ተመሳሳይ ሆኖ ዒላማውን የማይይዝ አንቲቦዲ) ማነጻጸሪያ ስላይድ የሌለበትን ውጤት እኔ አልቀበልም። ቲኤንኤፍ አልፋን በተለይ ከላይኛው ሽፋን ማክሮፌጆች (የመከላከያ ሕዋሳት) ይጠብቁ፤ ሕዋስ ያልሆኑት ፋይብሪኑና ኮላጅኑ ሁሉ እኩል ቀይ ወይም ቡናማ ከሆኑ አይመኑት።

በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ሳይቶካይኖች በኤላይዛ (በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል ፕሮቲንን ይዞ የሚለካ ምርመራ) ለመለካት ካሰቡ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሩማቶይድ ፋክተር (ሌሎች አንቲቦዲዎችን የሚይዝ የታማሚው አንቲቦዲ) የሚይዘውንና የሚያሳየውን አንቲቦዲ ራሱ ድልድይ ሆኖ ያገናኛል፤ ሳይቶካይን ሳይኖርም ቁጥሩ ይወጣል። ናሙናውን 1 ለ 2፣ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8 አቅጥነው እያንዳንዱን ውጤት በቅጥነቱ ልክ ያባዙት፤ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ማገጃ ሪኤጀንት ጨምረው ይድገሙ። ፈሳሹ ከወፈረ መጀመሪያ በሃያሉሮኒዴዝ (የሚያወፍረውን ሃያሉሮናን የሚሰብር ኢንዛይም) ያቅጥኑት፤ አለዚያ ፒፔቱ ትክክለኛ መጠን አይስብም።

ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ? ከ24 ሰዓት ካለፈ ይጻፉልን፤ የማሞቂያውን ጊዜ በዚያው ልክ እናስተካክላለን።