ቫልቭ የተቀየረላት ሴት ሲያተኩሳት

ጥያቄ፦ እህቴ 31 ዓመቷ ነው። የልብ ቫልቯ በሩማቲክ ሕመም ተበላሽቶ ከስምንት ወር በፊት የብረት ቫልቭ ተደርጎላታል፤ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ትወስዳለች። ዐሥር ቀን ሆናት፣ ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ ያልባታል። የሰፈር ክሊኒክ “ታይፎይድ ነው” ብሎ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዘላት፤ ገና አልዋጠችም። ትጀምር? የተበላሸ ጥርስም አላት።
(ከአዳማ)

መልስ፦ አትጀምር። ዛሬውኑ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ያለ ጀርም አድጎ የሚለይበት ምርመራ) ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይውሰዷት። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከያዘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቫልቩ ኢንፌክሽን ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ብቻውን ታይፎይድ ነው አያሰኝም።

ሲፕሮው ደሟ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ያዳክምና ካልቸሩ ላይ ሳይበቅል ይቀራል፤ ቫልቩ ላይ የተጣበቀው ግን አይነካም። ያኔ ሐኪሙ ጀርሙን ሳያውቅ በግምት ሊያክም ነው። በዚያ ላይ ሲፕሮ የዋርፋሪንን ኃይል ጨምሮ ሊያደማት ይችላል።

ደሙ ከተለያየ ቦታ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ በየጠርሙሱ ወደ 10 ሚሊ ሊትር። ቆዳው ተጠርጎ እስኪደርቅ ካልተጠበቀ ቆዳ ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አብሮ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ቫልቭ የሚያጠቃውም ብዙ ጊዜ ይኸው ዘር ስለሆነ ውጤቱ ያወዛግባል። ደም ግፊቷ ከወረደ ግን ካልቸሩ ቶሎ ተቀድቶ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል።

በደረት የሚሠራው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) “ንጹሕ ነው” ቢል አይዘናጉ፣ የብረቱ ጥላ ይጋርደዋል። በጉሮሮ የሚገባው የተሻለ ያሳያል።

የቫልቩ ኢንፌክሽን ከተረጋገጠ ሕክምናው በደም ሥር ቢያንስ 6 ሳምንት ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ካልቸሩ ነጻ ከሆነበት ዕለት ነው። ለስታፊሎኮከስ ቫንኮማይሲን ወይም ክሎክሳሲሊን ከሪፋምፒሲን ጋር ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ 2 ሳምንት ጄንታማይሲን ይጨመራል፣ ኩላሊቷም እየተመረመረ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሪፋምፒሲን ነው። ዋርፋሪንን ስለሚያዳክም አይኤንአር (ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር) ይወርድና ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ዋርፋሪኑ ተጨምሮ ሪፋምፒሲን ሲቆም ደግሞ አይኤንአር በቀጣዮቹ ሳምንታት ይወጣል፤ የመድማት አደጋ ያለው ያኔ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም በየጊዜው ይለካ። ዋርፋሪኑን በራሷ አታቁም፤ በጡንቻ የሚወጋ መርፌም ይቅርባት።

ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት፣ ካልቸሩ አልጸዳ ካለ ወይም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ፒአር የሚባለው ልኬት ከረዘመ (ኢንፌክሽኑ ወደ ልቧ ጡንቻ እየዘለቀ ሊሆን ይችላል) የልብ ቀዶ ሐኪም ሳይዘገይ ይጠራ። አንድ ጎኗ ከደከመ ወይም አንደበቷ ከተያዘ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥርሱን እዚያው እንደተኛች የጥርስ ሐኪም ይየው፤ ምንጩ እሱ ሊሆን ይችላል። ወደፊት ግን ጥርስ ከማስነቀሏ 30–60 ደቂቃ በፊት 2 ግራም አሞክሲሲሊን አንዴ ትዋጥ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነ 500 ሚሊ ግራም አዚትሮማይሲን።